«ገጭ» ያለው የቱ ነው?

ከመገናኛ ተነሥቶ፣ ላምበረትንና ኮተቤን አልፎ፣ በካራ በኩል ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ የሚዘልቀውን መንገድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። እኛ የደሴ መንገድ እንለዋለን፤ አሮጌ ሾፌሮች ግን የአስመራ መንገድ ማለቱን አልተዉም። ከከተማው ሲወጡ በስተግራ የየካ ተራራ፣ ከበላዩም የእንጦጦ ሰንሰለት ባሕር ዛፉን ለብሶ ይታያል።

በዚህ መንገድ ዳር ቆም ብሎ ጆሮውን የሰጠ ሰው አንድ ነገር ይሰማል። ጭነት የያዘ ካምዮን ከቆመበት ሲነሣ፣ ጎማው ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ከሆዱ ሥር አንዲት ድምፅ ትወጣለች። «ገጭ!» ትልና ጸጥ። መንገደኛው ልብ አይላትም። ሾፌሩ ይሰማትና ይለምዳታል። ረዳቱ ይሰማትና ዝም ይላል። እኔም በወጣትነቴ ዝም ካሉት ረዳቶች አንዱ ነበርኩ።

«በታሪክ ዓምድ ውስጥ የካምዮን ኳኳታ ምን ቤት ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ ንጉሡ ይጠራል፤ ጦር አዝማቹ ይጠራል፤ መንገዱን ያስጠረገው መንግሥትም ይጠራል። በዚያ መንገድ ላይ የቆመውን ካምዮን በጆሮው መርምሮ ያስነሣው ሰው ግን ስሙ የተጻፈበት ቦታ የለም። ይህ ሰው እውቀቱን ከየት አመጣው? እንዴትስ ያዘው? ለማንስ አወረሰው? ነገሩ እነሆ ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. መሆኑ ይታወቃል። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሌይ አውቶሞቢሉን ከጅቡቲ ጀምሮ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ ይዞ መጣ። ዳሩ ግን ያ የቤተ መንግሥት ጉድ ነበር። ካምዮን የሚሉት ፍጡር በብዛት የመጣው ከ28 ዓመታት በኋላ፣ ያውም በጠላትነት ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ተሽከርካሪዎች ወታደሩን አጭኖ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ ስለጠበቀው ካምዮኖቹ ቆመው መጠገኑን ጠበቁ። በመጨረሻም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከተማዋ ገቡና ባንዲራቸውን ከየካ ብዙ በማይርቀው በጣልያን ሌጋሲዮን ሰቀሉ። እንግዲህ የካ ካምዮንን ያወቀችው በመጥፎ ቀን ነው።

ጣልያን በአምስቱ ዓመት ቆይታው መንገድ ሠራ፤ ጣርማ በርንም በዋሻ በሳው። የሠራው ለእኛ ብሎ አልነበረም፤ ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ ግን ሁለት ነገር ትቶ ሄደ። አንደኛው እንደ ፊያት 634 ያሉት ሥራቸው ያላለቀ ካምዮኖች ናቸው። ሁለተኛው ቃላቱ ነው።

እስቲ አንድ ጋራዥ ገብታችሁ ጆሮ ስጡ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ክሮቼራ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ ሲባል ትሰማላችሁ። ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው፤ ሁሉም ዛሬ የእኛ ናቸው። ፍሪሲዮን ማለት ፍትጊያ ነው። ካምቢዮ ልውውጥ ነው። ኩሽኔታ በጣልያንኛ ትንሽ ትራስ ነው። ባሌስትራ የጥንት የጦር መሣሪያ፣ ቀስት መወርወሪያ ነበረ፤ የካምዮን መሸከሚያ የሆነው የጎበጠ ብረት እሱን መስሎ ስለታያቸው ስሙን ሰጡት። ዳዶ የመጫወቻ ዛር ነው። ክሮቼራ መስቀለኛ ማለት ነው። ወደ ኋላ መሄጃውን ማርሽ «ማርሻዴትሮ» የሚለው ሾፌር «ማርቻ ኢንዲዬትሮ» እያለ መሆኑን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ካምዮን እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የምንሸጉጠው ታኮ ደግሞ በጣልያንኛ ተረከዝ ነው። ለዚህ ነው የሴት ጫማም ታኮ ያለው። ይህቺን ታኮ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እነዚህን ቃላት ማን አስተማረ? የዘር መለያየት ሕግ በወጣበት በዚያ ዘመን ጣልያን ኢትዮጵያዊውን በክብር አስቀምጦ ሙያ እንዳላስተማረው ግልጽ ነው። መልሱን ያገኘሁት በ1985 ዓ.ም. ኮተቤ አካባቢ፣ በቆርቆሮ ከታጠረች አንዲት ጋራዥ ውስጥ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ በሕይወት ሳሉም ስማቸው እንዲጠራ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው።

ጋሼ በ1929 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። «የካቲት 12 ባለፈ በማግሥቱ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «የካምዮን ድምፅ በሰማን ቁጥር ወደ ጓሮ እንሮጥ ነበር። ሽቅብ የሚወጣውንና ቁልቁል የሚወርደውን፣ የተጫነውንና ባዶውን በድምፁ ለየሁ። ባዶው ነበር የሚያስፈራን። ሰው ሊጭን የሚመጣ እሱ ነዋ!» ዓመት ቆይተው ሆድ ሲብሳቸው በአንድ የጣልያን ጋራዥ ጎማ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። መፍቻ መያዝ አይፈቀድላቸውም። ጣልያኑ ከካምዮኑ ሥር ገብቶ «ኪያቬ!» ሲል ማቀበል ብቻ ነው። «እጄን ከለከሉኝ፤ ጆሮዬን ግን ማን ይከለክለኛል?» ይሉ ነበር። ካምዮን ሲገባ በምን ድምፅ እንደገባ፣ ሲወጣ ምን እንደተቀየረለት እያስተዋሉ ሦስት ዓመት አዳመጡ። ጣልያን ሲሸነፍ ንጉሡ የተሸነፈው እንዳይነካ ስላዘዙ ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ ቀሩ፤ ጋራዥም ከፈቱ። መፍቻውን የያዙት ያን ጊዜ ነው። በ1934 ዓ.ም. ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆች በደንቡ ሙያ መማር ሲጀምሩ፣ ጋሼ ሙያቸውን አውቀው ጨርሰው ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የዓለም ባንክ ቀደም ብሎ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። መንገዱ ሲታደስ ካምዮኑም በዛ። ሾፌሮች «ኤንትሬ» እያሉ ያሞገሱት የፊያት 682 ዘር ከአሰብና ከምጽዋ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ደጋውን ከቆላ አገናኘው። ከተራራ እየወጣ ተራራ የሚወርድ አገር ደግሞ ካምዮንን የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ በወገቡ ነው።

ወገቡ የትኛው ነው? ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የሞተሩ ጉልበት በፍሪሲዮን አልፎ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮ ወጥቶ ከኋላ ወዳለው ዲፈረንሲያል የሚደርሰው በአንድ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ካርዳን ይባላል። ዲፈረንሲያሉ ውስጥ ፒኞን የሚባለው ትንሹ ጥርሳም ብረት ኮሮና የተባለውን ትልቁን ያዞራል፤ ያ ደግሞ ጎማውን። ችግሩ ይህ ነው፦ ካምቢዮው በቦታው የታሰረ ሲሆን የኋላው አክስል ግን በባሌስትራ ላይ ተቀምጦ መንገዱ ባነሣው ቁጥር ይነሣል፤ በጣለው ቁጥር ይወድቃል። ስለዚህ ዘንጉ እየዞረ መታጠፍም መርዘምም መቻል አለበት። መታጠፉን የሚችለው ጫፉና ጫፉ ላይ ባሉት መስቀለኛ ብረቶች፣ በክሮቼራዎቹ ነው። መርዘምና ማጠሩን የሚችለው አንዱ ቁራጭ በሌላው ውስጥ በጥርስ ተያይዞ ስለሚንሸራተት ነው።

ካርዳን የሚለው ስም በ16ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ጣልያናዊ ሊቅ ከካርዳኖ የመጣ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስለዚሁ መስቀለኛ መጋጠሚያ ጻፈ። በ1903 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር መስቀለኛውን ለአውቶሞቢል እንዲስማማ አድርጎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይህ ብረት አንድ ዐመል አለው። ዘንጉ ታጥፎ ሲዞር አንዱ ወገን እኩል ቢዞርም ሌላው ወገን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላው ጫፍ ሁለተኛ ክሮቼራ የሚገባው ይህንኑ ዐመል እንዲሽር ነው። እንዲሽረው ግን የዘንጉ ሁለት ሹካዎች በአንድ መስመር መግጠም አለባቸው። ለዚህ ሲባል ፋብሪካው በብረቱ ላይ ምልክት ይመታል። መስመሩን ከሳቱ አንዱ የሌላውን ዐመል መሻሩ ቀርቶ ያባብስበታል።

እነዚህን ሁሉ ያወቅሁት በመጽሐፍ አልነበረም። የተማርኩት ለጥፋቴ ቅጣት ሆኖ ነው።

የ18 ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ አንድ አሮጌ የጣልያን ካምዮን ነበረው። እሱ ሾፌር፣ እኔ ረዳት። ከእንጦጦ ወገብ አጣና እየጫንን ቤት ለሚሠሩ ሰዎች እናወርድ ነበር። ያን ዓመት ካምዮኑ ሲነሣ «ገጭ» ይል ጀመር። ቀስ ብሎ ሲሄድም እንደ ወፍ ጫጩት «ጭር፣ ጭር» የሚል ድምፅ ነበረው። አጎቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። እዚያ ያሉት ሰዎች ጎማውን በክሪክ አንሥተው ዘንጉን በእጅ ወዘወዙና «ዲፈረንሲያሉ ክፍተት አለው» ብለው ፈረዱ። ተከፈተ፤ ፒኞንና ኮሮና ተገዛ፤ አሥር ቀን ሥራ ፈታን። አጎቴ የላም ሽያጭ ገንዘቡን ሁሉ አፈሰሰበት። ካምዮኑ ከጋራዡ በር ሲወጣ ግን «ገጭ» አለ። አጎቴ ጥርሱን ነክሶ «ከእንግዲህ ስለዚህ ድምፅ የሚያወራኝ ሰው እንዳይኖር» ብሎ ማለ።

እኔም አላወራሁትም። ከጥቂት ቀን በኋላ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ከእግሬ ሥር የሚያንዘፈዝፍ ነገር ተሰማኝ፤ ዝም አልኩ። «ገጭ» የምትለው እየከበደች መጣች፤ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ያ የጫጩት ድምፅ ጨርሶ ጠፋ። ደስ አለኝ። በራሱ ጊዜ የዳነ መሰለኝ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ባደረ ጠዋት፣ አጣናውን ጭነን ከጫካው ጎድጓድ ወደ ዋናው መንገድ የምታወጣውን አጭር ዳገት ያዝን። አጎቴ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሲረግጥ ከወገባችን ሥር እንደ ጥይት ጮኸ። ሞተሩ በባዶ ጓራ፤ ካምዮኑ ቆመ፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። አጎቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ፍሬኑ ምንም አልያዘም። በብዙ አሮጌ ካምዮኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ራሱን ዘንጉን ነበርና፣ ዘንጉ ሲቆረጥ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ሄደ። በማርሽ መያዝማ ከቶ የለም። የቀረው የእግር ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እሱም ጭቃ ላይ ነው።

ታኮዬን ይዤ ዘለልኩ። ዘወር ስል ከኋላችን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ዳገቱን ይወጣሉ። እንጦጦን የሚያውቅ እነዚህን ሴቶች ያውቃል፤ ከሸክሙ ክብደት የተነሣ አንገታቸውን ቀና ማድረግ አይችሉም። ጮኽኩ። ሁለቱ ወደ ዳር ወጡ። ሦስተኛዋ ሸክሟን ከነገመዱ አውልቃ ጥላ ሸሸች። ታኮውን ከጎማው ሥር ሸጎጥኩት፤ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ ጎማው ታኮውን እየገፋ ሄዶ የሴትዮዋ ጭራሮ ላይ ወጣና ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። አጎቴ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሸክሟ የደቀቀባት ሴት በዕድሜ እናቴን ታክል ነበር። አልተሳደበችም። ካምዮኑን ትኩር ብላ አየችና፣ «ቀድሞ አልጮኸም?» አለች፤ ይህንኑ ብቻ። አጎቴ «ኧረ እናቴ፣ በድንገት ነው» አላት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ የጭራሮዋን ዋጋ ከፈላት፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ጋሼን ያገኘኋቸው በዚያን ቀን ነው። አጎቴ ከኮተቤ ለምኖ አመጣቸው። ሽማግሌው የወደቀውን ዘንግ አይተው አልተቻኮሉም። ተንበርክከው የተሰበረውን ክሮቼራ በመዳፋቸው ያዙ። መስቀሉ አራት ጫፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ጫፍ በቀጫጭን መርፌ መሰል ብረቶች የተከበበ ባርኔጣ ያጠልቃል። በአንደኛው ባርኔጣ ውስጥ መርፌዎቹ የሉም። በቦታቸው የተገኘው እንደ በርበሬ የቀላ ዱቄት ነበር።

«ግራሶ ከቀመሰ ስንት ጊዜው ነው?» አሉ። የመለሰ የለም። «ይጮህ ነበር?»

«ጭር ጭር ይል ነበር፤ በኋላ ግን ተወው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ተወው? ልጄ፣ ዝም ያለው ድኖ አይደለም። የሚጮኸው ብረት አልቆ ነው።»

ከዚያ የተንሸራታቹን ክፍል ምልክት ፈልገው በእጅጌያቸው ጠረጉና ለአጎቴ አሳዩት። ጋራዡ ዲፈረንሲያሉን ለመክፈት ዘንጉን ሲያወጣ ምልክቱን ልብ አላለም። መልሶ ሲገጥመው ጥቂት ጥርስ አዛንፎ ገጠመው። ሁለቱ ሹካዎች መስመር ሳቱ። ያ ከእግሬ ሥር የተሰማኝ መንዘፍዘፍ እሱ ነበር። የደረቀው ክሮቼራ በግራሶና በትንሽ ገንዘብ ሊድን ይችል የነበረውን፣ ሕክምናው ጨረሰው። «በሽታው ወገቡ ላይ ነው፤ እነሱ ሆዱን ቀደዱት» አሉ ጋሼ።

አጎቴ ካምዮኑን ካስጠገነ በኋላ እኔን ለጋሼ ሰጠኝ። ስድስት ወር አብሬያቸው ሠራሁ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መፍቻ አያያዝ አልነበረም። «እኔ ወጌሻ ነኝ» ይሉ ነበር። «ወጌሻ አጥንት ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። አንተም ጠይቅ።»

የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» ነው። ካምዮኑ ሲነሣ፣ ወይም ከፊት ማርሽ ወደ ማርሻዴትሮ ሲዛወር አንድ ጊዜ «ገጭ» ካለ፣ በሰንሰለቱ ውስጥ የተጠራቀመ ክፍተት አለ፤ ጉልበቱ ክፍተቱን ሞልቶ ሲመታ ነው የሚሰማው። ቆሞ ካበቃ በኋላ ዘግይቶ «ገጭ» ካለ፣ ተንሸራታቹ ጥርስ ደርቆ ተይዞ ኖሮ በኋላ ሲለቅ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ «አንድ ጊዜ ነው ወይስ ይደጋግማል?» የሚል ነው። ከፍጥነቱ ጋር የሚፈጥን ድምፅ ከሚዞር ነገር ይመጣል። ሦስተኛው «በጭነት ነው ወይስ በባዶ?» ነው። ጭነት ባሌስትራውን ይጫነዋል፤ ባሌስትራው ሲወርድ የዘንጉ መታጠፊያ ይለወጣል። አራተኛው «ሲስብ ነው ወይስ ነዳጅ ሲለቀቅ?» የሚል ነው። ገጭታ ሳይሆን እንደ ንብ የሚያፏጭ፣ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ዜማው የሚለወጥ ከሆነ ያን ጊዜ ፒኞንና ኮሮናን መጠርጠር ይገባል።

ጥያቄው ሲያልቅ ማየት ይመጣል። ካምዮኑ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ታኮ ከፊትም ከኋላም ይገባል። ታኮው ሳይገባ ከሥር የሚገባ መካኒክ ቢኖር ጋሼ ከጋራዡ ያባርሩት ነበር፤ ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ማርሹም ነጻ ይሆናልና። ከዚያ በአንድ እጅ የክሮቼራውን ፊት፣ በሌላው እጅ ኋላውን ይዞ በተቃራኒ መጠምዘዝ ነው። ሁለቱ አብረው ካልተንቀሳቀሱ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ በሽታው እዚያ ነው። ባርኔጣው ዙሪያ የቀላ ብናኝ ከታየ መርፌዎቹ ደርቀዋል። በጠመኔ መስመር አስምሮ ዘንጉን ቀስ ብሎ ማዞርና የቱ ቦታ እንደሚቀር ማየት ይቻላል። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ከሆነ መካከሉን የሚሸከመው ኩሽኔታና የታቀፈበት ጎማ ይታያል። ዘንጉን ከካምቢዮና ከዲፈረንሲያል የሚያስሩት ብሎኖች ይፈተሻሉ። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡባቸው ጎማዎች ይታያሉ፤ እነሱ ከተቀደዱ ሞተሩ ራሱ ብድግ እያለ ይመታል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አጥብቀው የሚይዙት ብሎኖች ይሞከራሉ፤ እነሱ ከላሉ አክስሉ ጉልበት ባገኘ ቁጥር ይጠማዘዛል፤ ድምፁም ከክሮቼራ ድምፅ አይለይም።

ዲፈረንሲያሉ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፒኞንና ኮሮና ጤነኛ ቢሆኑም በጥርሳቸው መካከል ትንሽ ክፍተት ሊኖር ግድ ነው፤ ክፍተት ከሌለ ይሞቃሉ፤ ይበላላሉ። ዘንጉን ወዝውዞ ክፍተት ያገኘ ጀማሪ «በሽታውን አገኘሁት» ይላል። ያገኘው ጤናውን ነው። የአጎቴ ላም የተሸጠችው በዚህች ስሕተት ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሀብታም አገር ያለ መካኒክ ክሮቼራውን ይቀይራል፤ ካልዳነ ኩሽኔታውን ይቀይራል፤ ካልዳነ ሌላውን ይቀይራል። እየቀየረ ይመረምራል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይህ አልተቻለም። በ1962 ዓ.ም. አምቼ ተቋቁሞ ካምዮን እዚሁ አዲስ አበባ መገጣጠም ቢጀመርም መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነበር። በደርግ ዘመን የምሥራቁ ዓለም ዚል፣ ካማዝና ኢፋ ሲጨመሩበት የአንዱ ዕቃ ለሌላው አልሆን አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እህል ከአሰብ ወደብ እስከ ወሎ ሲጓጓዝ አንድ ካምዮን ለአንዲት ክሮቼራ ሲል በረሃ ላይ ቢቆም፣ የቆመው ብረት ብቻ አልነበረም። ዕቃ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ተሂዶ ከቁራጭ ብረት ይቀረጻል፤ እሱም ካልሆነ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ይፈለጋል። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ በሚበቃበት አገር የትኛው ዕቃ እንደታመመ አስቀድሞ ማወቅ ግዴታ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ያጣ መካኒክ ጆሮውን መሣሪያ አደረገ። ቃሉ የጣልያን ሆነ እንጂ ጆሮው የእኛ ነው።

ጋሼ ካረፉ ዘመናት አልፈዋል። ጋራዣቸው የነበረበት ቦታ ፎቅ ተሠርቶበታል። እንጦጦም ተለውጧል፤ በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፤ አጣና ስንጭንበት የነበረውን ጫካ ሰው በእሑድ ለመዝናናት ይወጣበታል። በደሴ መንገድ የሚያልፉት ካምዮኖች ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ናቸው። ወጣቶቹ መካኒኮች ኮምፒዩተር ሰክተው የሞተሩን ሕመም በማያ ገጽ ላይ ያነቡታል። ይህን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ጋሼም ቢኖሩ የሚወዱት ይመስለኛል። ብቻ አንድ ነገር አለ። የደረቀ ክሮቼራ ለኮምፒዩተር የሚልከው ወሬ የለውም። ዛሬም የሚናገረው በዚያው በአሮጌ ቋንቋው ነው፤ መጀመሪያ «ጭር»፣ ቀጥሎ «ገጭ»፣ በመካከሉ ደግሞ የሚያታልል ዝምታ።

ባለፈው ክረምት ካራ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ከፊቴ የቆመ አንድ ባለ ተሳቢ ሲነሣ ከሥሩ «ገጭ» አለ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል፤ የ18 ዓመት ልጅ ይሆናል። ወደ ሾፌሩ ዞር ብሎ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እኔም ዕድሜዬን ረስቼ ከጎኑ እየሮጥኩ በሩን መታሁ። ሾፌሩ ተቆጥቶ አቆመ።

«ምንድን ነው አባት?»

«ልጁን ጠይቀው፤» አልኩት። «የሰማው ነገር አለ።»